ካርታዬን በመስመር ሞላሁት፤ ሌዘሩ ግን መስመር የለም አለ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድ ወረዳ የመሬት አጠቃቀም ካርታ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው። ጽሑፉ የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ስለሆነ እርሻውን፣ ደኑን፣ ግጦሹንና መንደሩን በቀለም ፋንታ በተደጋጋሚ መስመር ልለያቸው ፈለግኩ። ከፓተርን ዝርዝሩ ውስጥ መስመር መርጬ ሞላሁ። ግን ቅርፁን ሳሳድገው መስመሩም አብሮ ይወፍራል። ራሴ የሠራሁት ሰያፍ መስመር ደግሞ በየቦታው ይቆራረጣል። ጭራሽ ያንኑ ካርታ እንጨት ላይ ላስቀርፅ ሌዘር ቤት ብወስደው ‹ድንበሩ ብቻ ነው ያለው፣ ውስጡ ባዶ ነው› አሉኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሌዘር ቤት ያሉት ሰዎች ልክ ናቸው። ስክሪንሽ ላይ የምታዪው መስመር ፋይሉ ውስጥ የለም። ያለው ሌላ ነገር ነው። እሱ ከገባሽ ሦስቱም ችግሮችሽ ከአንድ ቦታ እንደመጡ ታያለሽ።

ቅርፅን በፓተርን ስንሞላ ኢንክስኬፕ የሚመዘግበው ሁለት ነገር ነው። አንዲት ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል፣ እና «ይህችን ሥዕል ቅርፁ እስኪሞላ ጎን ለጎን ደርድር» የሚል ትዕዛዝ። ሳሎን ላይ እንደሚነጠፍ ሴራሚክ ማለት ነው። ስክሪኑና ፕሪንተሩ ትዕዛዙን ተቀብለው ይደረድራሉ፤ አንቺም መስመር ታያለሽ። መስመር ተከትሎ የሚሄድ ማሽን ግን የሚፈልገው መነሻና መድረሻ ያለው እውነተኛ መስመር ነው። ሌዘርም ሆነ ፕሎተር ወይም ስቲከር መቁረጫ ያው ነው። ያ ደግሞ በካርታሽ ውስጥ ድንበሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሙሌቱን ከመጀመርሽ በፊት ፋይሉ የት እንደሚሄድ ወስኚ። ለወረቀት ከሆነ ፓተርን ይበቃል፤ ቀላልም ነው። ለማሽን ከሆነ እውነተኛ መስመር ያስፈልግሻል። አንቺ ሁለቱንም ስለፈለግሽ ሁለት ፋይል ያዢ። በአንድ ፋይል ሁለቱን ላብቃቃ ያለ ሰው ሁለቱንም ሲያበላሽ ነው የማየው።

ከወረቀቱ እንጀምር።

መስመሩ የሚወፍረው በአንዲት ቁልፍ ምክንያት ነው። የመምረጫውን ቀስት ስትይዢ ከላይ ባለው አሞሌ አራት ትንንሽ ቁልፎች ይታያሉ። ቅርፁ ሲያድግ ምን ምን አብሮ ይደግ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንደኛው የጠርዝ መስመር ውፍረትን፣ ሁለተኛው የአራት ማዕዘን ክብ ጥግን፣ ሦስተኛው ግራዲየንትን፣ አራተኛው ፓተርንን ይመለከታል። አራተኛው ሲበራ ፓተርኑ ከቅርፁ ጋር ያድጋል፣ ያንሳል፣ ይዞራል። ሲጠፋ ፓተርኑ ገጹ ላይ ባለበት ይቀራል፤ የሚለወጠው ቅርፁ ብቻ ነው። ለሎጎ አብሪው። ለካርታ ግን አጥፊው፤ የካርታ መስመር እርሻው ትልቅ ስለሆነ መወፈር የለበትም።

እግረ መንገዴን፦ እርሻ የምትይው መደብ ብዙ ቁርጥራጭ መሬት ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ አትሙያቸው። ሁሉንም መርጠሽ በኮንትሮል ኬ ወደ አንድ ፓዝ (አንድ ወጥ ቅርፅ) አዋህጃቸውና አንዴ ሙያቸው። መስመሩ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሳይዛነፍ ይቀጥላል። ነገ «ትንሽ ይሳሳ» ቢሉሽም የምትነኪው አንድ ቦታ ነው። ብቻ ቁርጥራጮቹ ተደራርበው ከሆነ የተደራረበው ቦታ ቀዳዳ ሊሆንብሽ ይችላል። ከማዋሃድሽ በፊት አንድ ቅጂ በተደበቀ ሌየር ላይ አስቀምጪ።

አሁን ወደ ፓተርኑ ራሱ። ዝርዝሩ ውስጥ «ስትራይፕስ» የሚባሉት ላይ 1፡1፣ 1፡2፣ 1፡4 እያለ የሚሄድ ቁጥር አለ። የፊተኛው የጥቁሩ ስፋት ነው፤ የኋለኛው የክፍተቱ። ለብዙ ሥራ ይበቃሉ። ችግራቸው መስመሩ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አለማወቅሽ ነው፤ በዓይን እየገመትሽ ታሳንሻለሽ። ለካርታ የራስሽን ብትሠሪ ይሻላል። ሁለት ደቂቃም አይፈጅ።

በየ 2 ሚሊሜትሩ 0.3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስመር ፈለግሽ እንበል። 0.3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ረጅም አራት ማዕዘን ሳዪ። ጥቁር ሙሌት ስጪው፣ የጠርዝ መስመሩን አጥፊ። ቀጥሎ ቁመቱ ከመጀመሪያው እኩል፣ ስፋቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ሌላ አራት ማዕዘን ሳዪ። የዚህኛውን ሙሌቱንም ጠርዙንም አጥፊ። አይታይም፤ ግን አለ። ሥራው የሴራሚኳን ስፋት መወሰን ነው። ከጠፋብሽ ከ«ቪው» ሜኑ «ዲስፕሌይ ሞድ» ውስጥ ወደ «አውትላይን» እይታ ብትሄጂ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለቱን በግራ ጠርዛቸው አሰልፊ፣ አንድ ላይ ምረጪ። ከዚያ ከ«ኦብጀክት» ሜኑ «ፓተርን» ውስጥ «ኦብጀክትስ ቱ ፓተርን» የሚለውን ተጫኚ። አለቀ። አዲሱ ፓተርን ከሌሎቹ ጋር ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

ለምን ተራ መስመር ሳይሆን አራት ማዕዘን? ተራ መስመር ውፍረቱን የሚያገኘው ከጠርዙ ነው። ያ ውፍረት ሲለካ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ይወጣና የሴራሚኳን ስፋት ያዛባዋል። 2 ሚሊሜትር ብለሽ 2.15 ታገኛለሽ፤ ከየት እንደመጣ ፍለጋ ቀኑ ይመሻል። ጠርዝ የሌለው አራት ማዕዘን እንዲህ አያደርግሽም።

ሰያፉ ጋ ነው ጉዱ ያለው። አብዛኛው ሰው ካሬ ይስልና ከጥግ እስከ ጥግ መስመር ያሰምርበታል። ትክክል ይመስላል። ግን መስመር ውፍረት አለው። ጥጉ ጋ ሲደርስ ውፍረቱ ከካሬው ይተርፋል፤ ከካሬው የተረፈ ነገር ደግሞ ይቆረጣል። ስለዚህ የመስመሩ ጫፍ እንደ ተቀረፀ እርሳስ ሾሎ ይቀራል። ቀጥላ የምትደረደረው ሴራሚክም እዚያው ጥግ ላይ ሾላ ትጀምራለች። አራቱ ሴራሚኮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ሁለት ሹል ጫፍ ፊት ለፊት ይገጥምና መስመሩ ወገቡ ላይ ይበጠሳል። አንቺ «ይቆራረጣል» ያልሽው ይህንን ነው። ስክሪንሽን በደንብ አቅርቢና እዪው፤ ቁርጡ ያለው ሁልጊዜ ጥግ ላይ ነው።

አንደኛው መፍትሔ በቀሩት ሁለት ባዶ ጥጎች ላይ ከመስመሩ ጋር ትይዩ የሆኑ ትንንሽ ቁራጮች ጨምሮ የጎደለውን መሙላት ነው። ይሠራል። ግን ውፍረቱን በቀየርሽ ቁጥር እንደገና ልኪ፣ እንደገና ቁረጪ ነው። እኔ የምመክርሽ ሰያፉን ጭራሽ አለመሳል ነው። ቀጥ ያለውን መስመር ፓተርን አድርጊና ፓተርኑን አዙሪው። እ.ኤ.አ. ከ2023ቱ የ1.3 እትም ወዲህ «ፊል ኤንድ ስትሮክ» ሰሌዳው ላይ የፓተርኑን ዙረት በቁጥር ማስገባት ይቻላል፤ 45 ብለሽ ጻፊ። በድሮው እትም ከሆነ የኖድ መሣሪያውን ያዢ፤ ሦስት መያዣዎች ይወጣሉ። መስቀሏ ታንቀሳቅሳለች፣ ካሬዋ ታሳድጋለች፣ ክቧ ታዞራለች። ክቧን ኮንትሮል ይዘሽ ስታዞሪ በ15 ዲግሪ እየዘለለች ስለምትሄድ 45 ላይ በቀላሉ ትቆማለች። መያዣዎቹ አልታይ ካሉሽ ቅርፁ አጠገብ ብቻ አትፈልጊ። በድሮው እትም አንዳንዴ ገጹ ጥግ ላይ፣ አንዳንዴም ከገጹ ውጪ ይቀመጣሉ።

ማዞሩ ሌላም ጥቅም አለው። 4 ሚሊሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ ከጥግ ጥግ ስታሰምሪ በሁለት ጎረቤት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 4 አይደለም፤ 2.83 ነው። የካሬውን ጎን ለሁለት ካሬ ሥር (1.41 ገደማ) ማካፈል አለብሽ። ቀጥ ያለውን ስታዞሪ ግን ርቀቱ ያው የሴራሚኳ ስፋት ነው። 2 ካልሽ 2 ነው፣ ወደ የትም ብታዞሪው።

ሌላ ዓይነት መቆራረጥም አለ፤ ከላይኛው ጋር አታምታቺው። ቀጥ ባለው መስመር ላይ በእኩል ርቀት ፀጉር የምታክል ነጭ ጭረት ታያለሽ። ይህ የሁለት ሴራሚኮች መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው በሁለት ፒክሴል መሃል ሲውል ሶፍትዌሩ ጠርዙን ለማለስለስ ሲል ከሁለቱም ወገን ያደበዝዘዋል። እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ፒዲኤፉን ክፈቺና ደጋግመሽ አቅርቢው። በቀረብሽ ቁጥር ጭረቱ እየሰፋ ከሄደ እውነተኛ ክፍተት ነው። የቱንም ያህል ብትቀርቢ ያቺው ፀጉር ከሆነች የስክሪኑ ነገር ናት። ለማንኛውም መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሴራሚኳን ረጅም አድርጊያት። መስመሩ በቁመቱ ምንም የሚደጋገም ነገር የለውም፤ ስለዚህ 2 በ 2 መሆን የለባትም። 2 በ 400 ሚሊሜትር ትሁን። በኤ 4 ገጽ ላይ ያለ ቅርፅ ውስጥ መጋጠሚያው ቢገባ እንኳ አንዴ ነው፤ እሱንም ፓተርኑን ትንሽ ገፋ አድርገሽ ከቅርፁ ውጪ ታወጪዋለሽ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። በመስመር መሙላት ማለት ግራጫ መሥራት ነው። ዓይን ከሩቅ ሲያይ መስመሩን አይቆጥርም፤ ጥቁሩን ከነጩ ጋር አማክሎ አንድ ጥላ ያያል። 0.3 ሚሊሜትር በየ 2 ሚሊሜትሩ ከሆነ 0.3 ለ 2 ሲካፈል 15 በመቶ ነው። የስትራይፕስ 1፡4 ደግሞ ከአምስት አንድ እጅ ጥቁር ስለሆነ 20 በመቶ ነው፤ 1፡1 ሃምሳ በመቶ። ሁለት መደቦች አንድ ዓይነት መቶኛ ካላቸው፣ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ስላዘመመ ብቻ አንባቢ አይለያቸውም። በተለይ ትንንሽ ቁራጭ መሬት ላይ። ስለዚህ መጀመሪያ በጥላ ለያቸው፤ ግጦሹ 10 በመቶ፣ እርሻው 20፣ ደኑ 35፣ መንደሩ 50 ይሁን። ቀጥሎ አቅጣጫውን ቀያይሪ። አቅጣጫ አጋዥ ነው፤ ዋናውን ሥራ አይሠራም።

ይህ የመስመርና የቀለም ጉዳይ ድሮም ነበረ። ማተሚያው ጥቁር ብቻ በነበረበት ዘመን በአውሮፓ የመሳፍንት ጋሻ አርማዎችን ቀለም በመስመር የመግለጽ ደንብ ነበር። የታወቀውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1638 ያሳተመው ሲልቬስትሮ ፔትራ ሳንክታ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው። ቀይ በቁም መስመር፣ ሰማያዊ በአግድም መስመር፣ አረንጓዴ በሰያፍ፣ ወርቃማ በነጠብጣብ ይገለጻል፤ ጥቁር ራሱ በቁምና በአግድም በተጣመረ መስመር። የእኛን ባንዲራ በዚህ ደንብ ብትስዪው ከላይ ሰያፍ፣ መሃል ነጠብጣብ፣ ከታች የቁም መስመር ይሆናል። ለካርታሽ አይጠቅምሽም፤ እኔ ስለምወደው ነው።

አቅጣጫውን ስትመርጪ አግድምና ቁም መስመርን ለብዙ ቦታ አትጠቀሚ። ከካርታው ፍሬምና ከፍርግርጉ ጋር ይመሳሰላል፤ ከድንበር ጋርም ይምታታል። 45 እና 135 ዲግሪ ይሻላሉ። መሐንዲሶችም የተቆረጠ ነገርን ሲስሉ 45 ዲግሪን የሚመርጡት ከዕቃው ጠርዝ ጋር ትይዩ እንዳይሆን ነው፤ ሁለት ዕቃ ሲገጥም ደግሞ አንዱን ወደ ሌላው አቅጣጫ ያዞሩታል። የጎረቤት መሬቶችሽ ላይ ይህንኑ አድርጊ። መንደሩን በተጣመረ መስመር ከሞላሽው ሁለቱ መስመሮች በ90 ዲግሪ ይቋረጡ። በ5 ወይም በ10 ዲግሪ ብቻ ከተለያዩ ውኃ ላይ እንዳለ ሞገድ የመሰለ ነገር ይፈጠራል፤ ያ ሞገድ ከካርታሽ በላይ ዓይን ይስባል።

ስለ ውፍረቱ አንድ ነገር ልጨምር። የምትለኪው በመጨረሻው መጠን ይሁን። ካርታውን በኤ 3 ሠርተሽ ወደ ኤ 4 ስታወርጂው ሁሉም ነገር ወደ 71 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ 0.3 የነበረው 0.21 ይሆናል። በኤ 0 ከሆነ ጭራሽ ሩብ ነው። ማተሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከ0.25 ፖይንት፣ ማለትም ከ0.09 ሚሊሜትር ገደማ የቀጠነ መስመር አትላኩብን ይላሉ። ያ ግን ለደህና ማተሚያ ነው። ያንቺ ጽሑፍ በፎቶ ኮፒ፣ ምናልባትም የኮፒ ኮፒ ሆኖ ነው የሚባዛው። ስለዚህ ከ0.2 ሚሊሜትር በታች አትውረጂ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ነጭም ከ0.5 አይነስ፣ ቀለም ሲፈስ ይደፈናልና። የመስመሩ ቀለም ደግሞ ግራጫ ሳይሆን ድፍን ጥቁር ይሁን። ግራጫ መስመር ሲታተም በነጠብጣብ ነው የሚሠራው፤ 0.3 ሚሊሜትር መስመር በነጠብጣብ ሲሠራ ጠርዙ የተበላ ጥርስ ይመስላል። የቅርፁ ድንበር ከውስጡ መስመር ወፈር ይበል። የቦታ ስም ከተጻፈበት ፊደሉ ሥር ነጭ አስገቢለት፤ በመስመር ላይ የተጻፈ አማርኛ በተለይ አይነበብም።

አሁን ሌዘሩ። መጀመሪያ አንድ ወጥመድ ላሳይሽ። «ፓተርን ቱ ኦብጀክትስ» የሚለውን ትዕዛዝ አይተሽ «አሃ፣ መስመር ይሆንልኛል» ትዪ ይሆናል። አይሆንም። የሚመልስልሽ ያቺን አንዷን ሴራሚክ ነው እንጂ የተነጠፈውን ወለል አይደለም።

ቀላሉ መንገድ ሌዘር ቤቱን መጠየቅ ነው። ሌዘር ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንደኛው መስመር ተከትሎ ይሄዳል፤ ሌላው ልክ እንደ ፕሪንተር ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ምስል ይቀርፃል። በሁለተኛው ከሆነ ፋይሉን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ፒኤንጂ ምስል አድርገሽ አውጪና ስጫቸው። ፓተርኑ ምስል ሆኗልና ይቀረፃል። ጉዳቱ ጭንቅላቱ ባዶውንም ቦታ ሁሉ ስለሚመላለስበት ይቆያል፤ ሒሳቡ በደቂቃ ከሆነ ኪስሽን ይጎዳል።

እውነተኛ መስመር ከፈለግሽ ግን «ሃች ፊል» የተባለውን ኤክስቴንሽን (ኢንክስኬፕ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጫኚ። ያሰራጩት ኤክሲድሮው የተባለውን የብዕር ፕሎተር፣ ማለትም ብዕር ይዞ የሚስል ማሽን፣ ያመርቱ የነበሩት ኢቪል ማድ ሳይንቲስት ናቸው፤ በነፃ ነው። ቅርፁን ትመርጪና ርቀቱንና ዲግሪውን ታስገቢያለሽ፤ እሱ ቅርፁ ውስጥ እያንዳንዱን መስመር ድንበሩ ላይ እየቆረጠ ያሰምርልሻል። ሁለት አማራጮቹን ልብ በዪ። አንደኛው መስመሩ ከድንበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲቆም ያደርጋል። ለእንጨት አብሪው፤ አለበለዚያ የመስመሩ ጫፍና ድንበሩ አንድ ቦታ ሁለቴ ይቃጠላሉ፤ ጠርዙ ይጠቁራል። ሌላው የተቀራረቡ ጫፎችን የሚያያይዝ ነው። ለብዕር ፕሎተር ጥሩ ነው፤ ብዕሩ ደጋግሞ አይነሳም። ለካርታ ግን አጥፊው፤ መስመሩን ዚግዛግ ያደርግብሻል። መጀመሪያ ቅርፁን ብቻ ለይተሽ በሌላ ሌየር ላይ ሥሪው፤ የወጣውን መስመር ከድንበሩ ለይተሽ ቀለም ስጪው። ብዙ ሌዘር ቤት የሚቆረጠውንና የሚቀረፀውን በቀለም ነው የሚለየው፤ የትኛው ቀለም ለምን እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ።

ፓዝ ኢፌክት ውስጥ «ሃችስ» የሚባል አለ። እጅ የጫጫረው ያስመስለዋል። ለፖስተር ደስ ይላል፤ ለካርታ ግን ርቀቱ ወጥ ስላልሆነ ተይው። ኤክስቴንሽን መጫን ካልተቻለሽ መስመሮቹን ራስሽ ደርድሪ፣ በኮንትሮል ኬ አዋህጃቸው፣ ቅርፁን ከላያቸው አድርጊና ከ«ፓዝ» ሜኑ «ከት ፓዝ» የሚለውን ተጫኚ። መስመሮቹ ድንበሩ ላይ ይቆረጣሉ፤ ከውጪ የቀሩትን ትሰርዣለሽ። ትዕግሥት ይጠይቃል። «ኢንተርሴክሽን» ግን አትሞክሪ፤ ያልተዘጋ መስመርን እንደ ቅርፅ ስለሚቆጥረው ይጠፋብሻል።

ኢሉስትሬተር የምትጠቀሙ ሌሎች አንባቢዎችም ትኖራላችሁ፤ ነገሩ ያው ነው። ፓተርኑን ለብቻው ለማዞር በ«ሮቴት» ሳጥን ውስጥ «ትራንስፎርም ፓተርንስ» ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ፤ «ትራንስፎርም ኦብጀክትስ»ን አጥፉ። እውነተኛ መስመር ለመደርደር ሁለት መስመር ስላችሁ «ብሌንድ» አድርጉ፤ መካከሉን እኩል ይሞላዋል። ፓተርንን «ኤክስፓንድ» አድርጎ ለማሽን መላክ ግን መስመሩን በየሴራሚኩ ቁርጥራጭ አድርጎ ያወጣዋል፤ ማሽኑ በየቁራጩ እየቆመ እየተነሳ ያሳብዳችኋል። ኮረልድሮው ላይ መስመሩን ደርድሮ በ«ፓወርክሊፕ» ቅርፅ ውስጥ መክተት ለኅትመት ጥሩ ነው። ለሌዘር ግን አይሆንም፤ ከድንበሩ የተረፈው መስመር ተደብቆ እንጂ ተቆርጦ አይደለም።

ካርታሽ ኪውጂአይኤስ ከተባለው የካርታ ሶፍትዌር የመጣ ከሆነ ደግሞ ለወረቀቱ ሥራ ወደ ኢንክስኬፕ ማምጣትም ላያስፈልግሽ ይችላል። እዚያው የሙሌት ዓይነቱን «ላይን ፓተርን ፊል» አድርጊው፤ ርቀቱን በሚሊሜትር፣ አቅጣጫውን በዲግሪ እየጻፍሽ ታስተካክያለሽ።

የካርታው መግለጫ፣ ማለትም የትኛው መስመር የቱ መሬት እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ላይ ስትደርሺ ሳጥኖቹን በጣም አታሳንሺ። በ2 ሚሊሜትር ርቀት የተሰመረ ፓተርን 4 ሚሊሜትር ሳጥን ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ይታይበታል፤ ከዚያ ደኑ የቱ እንደሆነ ማንም አይለይም። ቢያንስ 12 በ 8 ሚሊሜትር አድርጊያቸው። ፓተርኑን ደግሞ ከካርታው ቅርፅ ላይ ቀድተሽ አምጪ እንጂ አዲስ አትምረጪ።